«ምን ሸጥሁ?»፦ ስለ ካርቦን ክሬዲት በደብረ ማርቆስ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

አባቶች፣ እናቶች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ልጆቻችን፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከቢቸና የመጡ አሉ። ከእንጅባራ ሌሊት ተነስተው የመጡ አሉ። የሞጣዎቹ «መንገድ ላይ ነን» ብለው ደውለዋል። ሲገቡ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው፣ እሺ?

እጄ ላይ ያለችውን አያችኋት? የልብስ ሰፊ ሜትር ናት። ይህች ደግሞ ተራ በትር ናት። እዚህ ጋ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌባታለሁ። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጣቸው፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ስለ ካርቦን ክሬዲት ንገሪን ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ። ከአጎቴ ልጀምር።

አጎቴ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው የሚኖረው። ገብስና ድንች ያርሳል። ከቤቱ ጀርባ ባለው ገደላማ መሬት ላይ ዛፍ አለው። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ልጠይቀው ሄድኩ። ከበላን ከጠጣን በኋላ ተነሳና ከሣጥኑ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሳ ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ታች በኩል ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የእሱ ነው።

«አንች የተማርሽ ነሽ» አለኝ። «እስቲ አንብቢና ንገሪኝ። ምን ሸጥሁ?»

አነበብኩት። የዛፉን የካርቦን መብት ለ30 ዓመት አሳልፎ ሰጥቷል። ዛፉን ማን ይቆጥራል? አልተጻፈም። ከሽያጩ ለእሱ ስንት ይደርሰዋል? አልተጻፈም። መሬቱን ለልጁ ቢያወርስ ውሉ ልጁንም ይይዘዋል? አልተጻፈም። ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሰው «ዛፍህን ሳትቆርጥ ዶላር ይመጣልሃል» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልታየም። ስልኩም አይነሳም። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ የመጣሁት ሰው ለመክሰስ አይደለም።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አጎቴ አንድ በግ ለመሸጥ ሦስት ገበያ የሚመላለስ ሰው ነው። 30 ዓመት ሲሸጥ ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቅ? ምን እንደሚጠየቅስ ማን ነገረው?

እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የመጣለት ወይም የመጣለትን ሰው የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አትፈሩ። አያችሁ? አንድ፣ ሁለት፣ አራት... ብዙ ናችሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ይህ ሽያጭ እውነት ጭሱን ይቀንሳል ወይ? ሦስተኛ፣ ቆጠራው። ሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ። የኖርኩበት ሥራ እሱ ነውና።

እሺ፣ አንደኛው። ሰው «አየር ሸጡ» ሲል እሰማለሁ። አየር አልተሸጠም። መኪናው፣ ፋብሪካው፣ በድንጋይ ከሰል የሚሠራው መብራት ማመንጫ ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ ሙቀቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይዞ ያስቀረዋል። ሙቀት አማቂ ጋዝ ያሉት ለዚህ ነው። ዋናው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴንም አለ፤ ከከብት ሆድ፣ ከቆሻሻ ክምር ይወጣል። አንድ ቶን ሚቴን በ100 ዓመት ሲታሰብ ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ሁሉም ወደ አንድ መስፈሪያ ይመጣሉ። መስፈሪያው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶን ነው። 1 ክሬዲት 1 ቶን ነው። 10 ኩንታል። ወደ ሰማይ ሊወጣ የነበረ ሳይወጣ የቀረ፣ ወይም ወጥቶ የነበረ በዛፍና በአፈር ተመልሶ የተያዘ።

ልብ በሉ እንግዲህ። ጤፍ ስትሸጡ ገዢው በእጁ ዘግኖ፣ እፍ ብሎ፣ አይቶ ነው። እዚህ ግን የሚገዛው ያልሆነ ነገር ነው። ያልወጣ ጭስ። ያልተቆረጠ ዛፍ። ያልሆነ ነገር በምን ቁና ይሰፈራል?

ይህን ጥያቄ ያዙልኝና ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ይቀንሳል ወይ?

ጭስ በነፃ የሚለቀቅ ከሆነ ማንም አይቆጥበውም። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ለጭስ ጣሪያ አበጀለት። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። መብራት ማመንጫውና ትልልቁ ፋብሪካ ለሚለቁት ለእያንዳንዱ ቶን ፈቃድ መያዝ አለባቸው። ጣሪያው በየጊዜው ዝቅ ይላል። አብዝቶ የሚለቅ ፈቃድ ይገዛል፣ የቀነሰ የተረፈውን ይሸጣል። በ2023 የእነዚህ ድርጅቶች ልቀት በ2005 ከነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ሁሉም የገበያው ሥራ አይደለም፤ የነፋስና የፀሐይ መብራትም ረክሷል። ግን ጭስ ዋጋ ሲኖረው ከሂሳብ መዝገብ ይገባል። መዝገብ ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ ባለቤቱን እንቅልፍ ይነሳዋል።

ክሬዲት ግን ከዚህ ይለያል። ጣሪያ በሌለበት አገር የተቀነሰውን ቶን፣ እዚያ ማዶ ያለው ይገዛዋል። በ1989 አንድ የአሜሪካ መብራት አመንጪ ኩባንያ በጓቲማላ ዛፍ ለሚተክሉ ገበሬዎች ገንዘብ ሰጠ፤ ለሚለቀው ጭስ ማካካሻ ብሎ። በ1997 አገሮች ጭስ ለመቀነስ የተዋዋሉበት የኪዮቶ ስምምነት ለዚህ መንገድ ደንብ አወጣለት። በዚያ ደንብ ከተመዘገቡት አንዱ እዚሁ አገራችን ነው። ሁምቦ። ወላይታ።

ስለ ሁምቦ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ተራራው ራቁቱን ቀርቶ ነበር። 2,728 ሄክታር ከለሉ። ምን ያህል ችግኝ ተከሉ ትሉኝ ይሆናል። አብዛኛው ችግኝ አይደለም! የዱሮው ዛፍ ጉቶ መሬት ውስጥ በሕይወት ነበር። ቀንበጥ ባወጣ ቁጥር ከብት ይነጨዋል፣ ሰው ይቆርጠዋል። ከብቱን ከለከሉ። ከጉቶው ከሚወጣው ቀንበጥ ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን ገረዙ። ሣሩን አጭደው ለከብቱ ወሰዱ። ደኑ ራሱ ተነሳ። ወርልድ ቪዥን የሚባል የእርዳታ ድርጅት ረዳቸው፣ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቋሙ፣ የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ይይዛል ተብሎ ተሰላ።

እኛ ጋስ ጉቶ የለም? ከደጀን እስከ ዳንግላ ስንት የተገጠበ ተራራ አለ? ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እያልን አደግን። ዛሬ ዓባይ ማደሪያ አግኝቷል። ጉባ ላይ ተኝቷል። ይዞት የሚገባው አፈር ግን የእኛ ነው፤ የጮቄ አፈር ነው፣ የአጎቴ የድንች ማሳ ነው። ደን ስንመልስ ካርቦኑን ለፈረንጅ ብንሸጥ እንኳ አፈሩ ለእኛ ይቀራል። እኔን የካርቦን ክሬዲት ደጋፊ ያደረገኝ ይህ ነው። ደጋፊ ነኝ፣ በግልጽ ልናገር።

አሁን ሦስተኛው። ቆጠራው።

እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን ትጋግር ነበር። ሦስት ጉልቻ፣ ምጣድ፣ ከሥሩ ኩበትና እንጨት። ማድ ቤቱ መስኮት የለውም። ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች፣ ሊጡን ዙሪያውን ታፈሳለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች። አክንባሎውን ስታነሳ ጭሱና እንፋሎቱ አንድ ላይ ፊቷን ይመታታል። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ከዚያ ሌላ ሊጥ። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ እቆጥር ነበር። ሃያ እንጀራ፣ ሃያ ጊዜ ዓይን መጥረግ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ ልክ ነው። እንጨቱን ግን ይቀንሳል! ምርጥ ምድጃ የምንለው፣ ያ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው፣ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚይዘው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን እስከ ግማሽ ያወርደዋል። ያልነደደ እንጨት ያልወጣ ጭስ ነው። ያልወጣ ጭስ ክሬዲት ነው። በዚህ ሂሳብ በዓለም ላይ ብዙ ሚሊዮን ክሬዲት ተሽጧል።

ከዓመታት በፊት ምድጃ ከተሰጣቸው ቤቶች በየቤቱ እየዞርኩ የማየት ሥራ ነበረኝ። አንድ ቤት ገባሁ። እትዬ ቡና አፈሉልኝ። «ምድጃው የት አለ?» አልኳቸው። ከበሩ ኋላ አሳዩኝ። ውስጡ ገለባ ተጎዝጉዞ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋበታለች። «ልጄ፣ ምጣዴ ሰፊ ነው፣ አልገባ አለኝ» አሉኝ። ምጣዳቸው ከምድጃው አፍ አራት ጣት ይሰፋል። አራት ጣት! የያዝኩት ዝርዝር ላይ ግን የእሳቸው ምድጃ በየሳምንቱ እንጨት እያዳነ ነው። ቶን እየተቆጠረበት ነው።

ይህ የአንድ ቤት ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ የምድጃ ክሬዲቶችን መርምሮ፣ ከመረመራቸው ፕሮጀክቶች የተሸጠው ክሬዲት በእርግጥ ከተቀነሰው ከ9 እጥፍ በላይ ነው አለ። ከ9 እጥፍ በላይ! አንድ ቁና ሰፍሮ ዘጠኝ ቁና ብሎ መሸጥ ነው። ይህ ሲሆን ማን ይጎዳል? ገዢው «አካክሻለሁ» ብሎ ጭሱን ይለቃል። እዚህ ምንም አልቀነሰም። ሰማይ ላይ ያለው ጋዝ ጨመረ። እናቴም ዓይኗን እየጠረገች ቀረች።

ስለዚህ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ተያይተው ብቻ አይበቃም። ሦስተኛ ወገን ይቆጥራል፣ ሌላ ይመዘግባል። ቬራ፣ ጎልድ ስታንዳርድ የሚባሉት መዝገብ የያዙና ደንብ ያወጡ ድርጅቶች ናቸው። ክሬዲቱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዴ ጥቅም ላይ ሲውል ከመዝገብ ይሰረዛል። እነዚህም ቢሆኑ ተሳስተዋል፣ ተተችተዋል፣ ደንባቸውን እየቀያየሩ ነው።

ቆጣሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ከባዱን ጥያቄ ነው። «ይህ ገንዘብ ባይመጣ ነገሩ አይሆንም ነበር ወይ?»

ባለፈው ጉባኤ አንድ አባት ተነስተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ የእኛ ደብር ደን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ አልተነካም። ወይራው አለ፣ ጽዱ አለ፣ ኮሶው አለ። ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር እኛ ጠበቅን። ለእኛ የማይከፈለን፣ ሲጨፈጭፍ ኖሮ ዛሬ ለተወው የሚከፈለው በምን ፍርድ ነው?»

አዳራሹ ፀጥ አለ። እውነታቸውን ነው። ከጎጃም ሜዳ ላይ ሆናችሁ አረንጓዴ ክብ ካያችሁ ቤተ ክርስቲያን አለ። ያን ደን ያቆየው ዶላር አይደለም፣ እምነት ነው። ለእኔ መልሱን መናገር ከበደኝ። ግን ነገርኳቸው፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። ደኑ ክሬዲቱ ኖረም አልኖረም ይጠበቃል። ስለዚህ እሱን ሽጠን ገዢው አንድ ቶን ቢለቅ፣ ከሰማይ የተቀነሰ የለም። ለደኑ ክብርም ድጋፍም ይገባዋል፤ በሌላ መንገድ መምጣት አለበት ብዬ አምናለሁ። ሊሸጥ የሚችለው ከደኑ ዳር ወደ ውጭ የሚሰፋው ነው። በደቡብ ጎንደር በኩል ደኑን በድንጋይ ካብ ያጠሩ አሉ። ከካቡ ውስጥ ከብት አይገባም፣ ችግኝ ከዘሩ ይበቅላል። አዲስ የበቀለው ይቆጠራል። የነበረው አይቆጠርም።

ይህን ጥያቄ የዘለሉት ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ኤችኤፍሲ-23 የሚባል ተረፈ ጋዝ ነበራቸው። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ነው። አቃጥላችሁ አጥፉት፣ በክሬዲት ይከፈላችኋል ተባሉ። ክፍያው ጋዙን ከማጥፋት ወጪ በጣም በለጠ። አንዳንዶቹ ለማጥፋት ሲሉ አብዝተው ማምረት ጀመሩ! አውሮፓ በ2013 ያን ክሬዲት አልቀበልም አለ። ቆጠራው ጠማማ ከሆነ ገንዘቡ ራሱ ጭስ ይወልዳል።

ሌላው ነገር። ተራራውን ከለልን እንበል። ከብቱስ የት ሄደ? ወዲያ ማዶ ወዳለው ቀበሌ ተራራ ከሄደ፣ እዚህ የበቀለው እዚያ ተግጧል። ወረቀት ላይ ደን፣ ማዶ ላይ ገደል። የሁምቦ ሰዎች ሣር አጭደው መቀለባቸው ለዚህ ነበር የጠቀመው።

ከአዊ የመጣችሁ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ፋግታ ለኮማን ያየ ሰው አረንጓዴነቱን አይረሳም። መጀመሪያ ዓመት ከእህል ጋር ይተከላል፣ በአራት በአምስት ዓመት ይቆረጣል፣ ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። አፈሩንም ያክማል። ትልቅ ሥራ ነው፣ ባርኔጣዬን አንስቼ ነው የማከብራችሁ። ግን ካርቦን ያዘ ወይ? ቆሞ ሳለ ያዘ። ከሰል ሲነድ ለቀቀ። በተራ ስለሚተከል አማካዩ ይሰላል እንጂ ትልቁ አይሰላም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሽታ ገባበት። አያችሁ፣ ዛፍ ይታመማል፣ ይቃጠላል። ለዚህ ነው በኪዮቶው ደንብ የደን ክሬዲት ጊዜያዊ የነበረው። ቬራም ከእያንዳንዱ የደን ፕሮጀክት ክሬዲት የተወሰነውን ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ያስቀራል። እኛ ዘር እንደምናስቀረው ማለት ነው።

ደግሞ አንድ ቁና ሁለት ጊዜ አይሸጥም። ኢትዮጵያ በ2021 ለዓለም ባቀረበችው ዕቅድ በ2030 ልቀቷን ምንም ባታደርግ ይደርስ ከነበረው በ68.8 በመቶ ዝቅ አደርጋለሁ ብላለች፤ 14ቱን በራሷ አቅም፣ ቀሪውን በድጋፍ። ኪዮቶን በተካው በፓሪሱ ስምምነት ደንብ ለሌላ አገር የሸጥነውን ቶን እኛ «ቀነስን» ብለን አንቆጥረውም። የገዛው ነው የሚቆጥረው። ርካሹን ሁሉ ዛሬ ሸጠን ከጨረስን፣ ለራሳችን ዕቅድ የሚቀረን ውዱ ነው። ይህን የሚወስን ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ለገዢውም አንድ ቃል አለኝ፤ እዚህ ባይኖርም። እዚያ አንድ ቶን ለቀህ እዚህ አንድ ቶን ካዳንክ ድምሩ ዜሮ ነው። መጀመሪያ የራስህን ቀንስ። መቀነስ ላቃተህ ብቻ ወደ እኛ ና።

ወደ አጎቴ ልመለስና ላብቃ።

በማግስቱ ይህችን ሜትርና ይህችን በትር ይዤ ከአጎቴ ጋር ገደሉን ወጣን። በትሯን ግንዱ ሥር አቆምኩ። ምልክቷ ያረፈችበት ላይ፣ በደረት ልክ፣ ሜትሩን አዞርኩ። እሱ ጫፉን ያዘልኝ። ዙሪያውን ወስደን ውፍረቱን እናወጣለን፣ በቀመሩ የዛፉ ደረቅ ክብደት ይገመታል። 200 ኪሎ ወጣ እንበል። ግማሹ ካርቦን ነው፤ 100 ኪሎ። ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ሲጣመር ስለሚከብድ በ3.67 ታባዙታላችሁ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 367 ኪሎ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሦስት ዛፎች አንድ ክሬዲት ናቸው። አንድ ክሬዲት በበጎ ፈቃድ ገበያ፣ ሕግ ሳያስገድዳቸው በሚገዙት ዘንድ ማለት ነው፣ በጥቂት ዶላር የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ነው አንድ ሰው ብቻውን የማያዋጣው፣ ማኅበር የሚያስፈልገው።

አጎቴ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየ። ከዚያ «እነዚህማ ሰውየው ሳይመጣ የነበሩ ናቸው» አለኝ። ማንም ሳያስተምረው! «ስለዚህ የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህ ያደገው ነዋ?» አዎ አልኩት። «የቆጠረ አለ?» የለም። «እንግዲያ ምንም አልሸጥሁም» አለኝና ሜትሩን ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ውሉን ለሕግ ሰው አሳይተናል፤ ገና አላለቀም።

ስለዚህ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሲኖር፣ እባካችሁ፣ አሻራ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁት። ወረቀቱ በአማርኛ የት አለ? ማን ይቆጥራል፣ በየስንት ጊዜ? የትኛው መዝገብ ላይ ነው? ከመቶው ስንቱ ለእኛ? ዛፉ ቢቃጠል ዕዳው የማን ነው? ልጄንስ ይይዘዋል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ካልመለሰ ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት።

ግቢው ውስጥ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ አንድ ዋንዛ አለ። ስገባ አይቼዋለሁ። እንውጣና እንለካው። ሜትሩን ማን ይይዝልኛል? እማማ፣ በትሯን እርስዎ ይያዙልኝ። አንተ ልጅ፣ ስልክህ ላይ ማባዣ አለ አይደል?

እነሆ የሞጣዎቹም መጡ። እንኳን ደህና መጣችሁ። አትቀመጡ፣ ወደ ውጭ ነን።